ከሁለት መቶ ስምንት ቀጥሎ

ሰው ፊልሙን ከማየቱ በፊት መጽሐፉን ማንበብ አለበት ወይስ የለበትም? በእኛ ቤት ይህን ጥያቄ የፈታው አባቴ ነው። የፈታውም በሙጫ ነው።

አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ጥረዛ ክፍሉ እሄድና ከወረቀት መቁረጫው ርቄ፣ መስኮቱ ሥር በተከመረው ካርቶን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሙጫው ቆርቆሮ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሳይቀር፣ በጣቴ እየተከተልኩ ስለማነብ ሠራተኞቹ «አራሚዋ» ብለው ስም አወጡልኝ። ስገባ «አራሚዋ መጣች፤ ስሕተት ያለበት ይደብቅ» ይባላል። ሁሉም ይስቃል። አባቴም ይስቃል፤ ግን ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚስቀው።

እናቴ ከሄደች ስምንት ወር ሆኗታል። ታይፒስት ነበረች፤ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች ተባለ። ከመሄዷ በፊት ከአባቴ ጋር መኝታ ቤቱን ዘግተው ሲነጋገሩ፣ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የያዝኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ «ልጅቷን» የሚል፣ ሌላው «ሬሳዬን ተራምደሽ» የሚል። ሬሳ ሲባል ስለሰማሁ፣ ማን እንደሞተ ለማወቅ ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ ስቆጥር ሰነበትኩ። ሁሉም በሕይወት ነበሩ። ነገሩን ተውኩት።

እናቴ ስትሰናበተኝ አንገትጌዬን እያስተካከለች፣ «ወር በገባ ቁጥር እጽፍልሻለሁ» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ስሕተቴን በቀይ እያረምሽ መልሰሽ ትልኪልኛለሽ። እሺ የኔ አራሚ?»

ለዚሁ ብዬ ቀይ እርሳስ አስገዛሁ። ቀርጬ፣ ጫፉን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ቤታችን የፖስታ ሳጥን የለውም፤ ደብዳቤ ቢመጣ የሚመጣው በማተሚያ ቤቱ ሳጥን ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ አባቴ ዘንድ ነው።

«ዛሬም የለም?»

«የለም።»

«ረሳችኝ እንዴ?»

«ሥራ ይዟት ይሆናላ።»

አባቴ አንድ ቀን እንኳ «ረስታሻለች» ብሎኝ አያውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። እሱ «የለም» ይልና ይተወዋል። ቀሪውን የምጨርሰው እኔ ነበርኩ።

ፊልሙ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንዲት ሻንጣ የያዘች ልጅ መስኮት ሥር ቆማ የምትታይበት ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ። ታሪኩ እናቷ ጥላት ስለሄደች ልጅ ነው ይባላል። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ክፍላችን አይቶታል፤ በሦስተኛው ቀን ያላየነው እኔና አንድ መነጽሩ የተሰበረበት ልጅ ብቻ ነን። ለእኔ ግን ማየት ቀላል መሆን ነበረበት። የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። መዳፍ በምታህል መስኮቷ ውስጥ ተቀምጣ የከተማውን እጅ ሁሉ ታውቃለች፤ ፊቱን ግን በመንገድ ብታገኘው አትለየውም። ከዚያ በፊት ስንቱን ፊልም በእሷ በኩል በነጻ አይቻለሁ።

አባቴ ግን በዚያ ሳምንት ሕግ አወጣ።

«መጽሐፉን ያላነበበ ፊልሙን አያይም» አለ እራት ላይ። «ፊልም የመጽሐፍ አጥንቱ ነው። ሥጋው እያለ አጥንት የሚግጠው ውሻ ነው።»

እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። ከጓደኞቼ አባቶች መሀል እንዲህ ዓይነት ሕግ ያለው አንድም የለም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ፤ አጥንቱንም ውሻውንም ሳላስቀር። ሬዲዮ የምንላት ልጅ፣ ወሬ አፏ ላይ የማያድር፣ «አባትየው እኮ መጨረሻ ላይ...» ብላ ስትጀምር ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ «ገና መጽሐፉን አልጨረስኩም» አልኳት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔን ጆሮ የደፈንኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ።

መጽሐፉ በፊልሙ ምክንያት እንደገና እየታተመ ነበር፤ የሚታተመውም አባቴ ዘንድ ነው። መጽሐፍ ሲሠራ ትልቁ ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። እነዚያ እጥፎች በተራቸው ተደርድረው ይሰፋሉ፤ ከዚያ ሽፋን ይለብሳሉ። አባቴ መጽሐፉን ተጠርዞ እስኪያልቅ እንድጠብቅ አላደረገኝም። በየሁለት ቀኑ አንድ እጥፍ በኮቱ ውስጥ ይዞልኝ ይመጣል። አሥራ ስድስት ገጽ። ጠርዙን በቢላ ይከፍትልኛል፤ እኔም አነባለሁ።

ማታ ሲገባ ጥያቄው አንድ ነው።

«የት ደረስሽ?»

«ሰማንያ።»

«ገና ነሽ።»

በዓለም ላይ መጽሐፍ ትኩሱን፣ ቀለሙ ጣት ላይ እየቀረ የምታነብ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዲያ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳሰላው አሥራ አምስት እጥፍ፣ በየሁለት ቀኑ፣ ሠላሳ ቀን ይመጣል። ፊልሙ የሚቆየው ሃያ ስምንት ቀን ነው ተብሎ በትልቁ ተለጥፎ ነበር። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ልኬት ስቶ አያውቅም።

አንድ ምሽት አክስቴ እኛ ዘንድ እራት በላች። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ዘጠነኛውን እጥፍ እየጨረስኩ ነው። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ይመጣል።

«እስከ መቼ ነው እየሰፋህ የምትኖረው?»

«እስኪያልቅ።»

«ይኼ በክር የሚያዝ ነገር አይደለም፣ ወንድሜ።»

«አንቺ ትኬትሽን ቁረጪ።»

«እቆርጣለሁ። ግን እኔ ባልነግራት አንድ ቀን ሌላ ሰው ይነግራታል።»

አክስቴ የመጽሐፉን መጨረሻ ልታወጣብኝ መሆኑ ገባኝ። ከአልጋዬ ሆኜ ጮክ ብዬ፣ «አክስቴ፣ እንዳትነግሪኝ» አልኩ። «ገና መቶ አርባ አራት ላይ ነኝ።»

ቆይቶ የአክስቴ ድምፅ መጣ።

«እሺ የኔ ልጅ። አልነግርሽም።»

ቃሏንም ጠበቀች።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ሰው ስለበዛ ፊልሙ ሁለት ሳምንት ተጨመረለት። ወሬውን ይዤ ጥረዛ ክፍሉ ድረስ በሩጫ ሄድኩ። አባቴ እየሰፋ ነበር። «እንደርስበታለን፣ አባባ» አልኩት። መርፌው ጣቱን ወጋው። ከዚያ በፊት መርፌ ሲወጋው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ለእኔ ብሎ በደስታ የደነገጠ መሰለኝ።

አሥራ ሦስተኛው እጥፍ ሁለት መቶ ስምንተኛው ገጽ ላይ ያልቃል። ልጅቷ አባቷን አቅፋ ተኝታ ነበር፤ ጠዋት ተነሥታ ቤት ስትጠርግ ከምንጣፉ ሥር አንድ ቁልፍ ታገኛለች። የመጨረሻው መስመር «ልጅቷም የመሳቢያውን ቁልፍ» ይልና ገጹ ያበቃል። ቀጣዩ እጥፍ በሁለት ቀን አልመጣም። በሦስትም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ሲመጣ «አልመለሰችም።» ብሎ ጀመረ። ልጅቷም የመሳቢያውን ቁልፍ አልመለሰችም። ንባቡ ምንም አይልም። የገጹ ቁጥር ግን ሁለት መቶ ሃያ አምስት ይላል።

«አባባ፣ ቁጥሩ ዘለለ።»

«ያጋጥማል። ማሽኑ ባዶ ወረቀትም ይቆጥራል።»

«ልጅቷስ ለምንድን ነው አባቷን የምታኮርፈው? ቅድም አቅፋው ተኝታ አልነበር?»

«ልጅ አይደለች? ልጅ ያኮርፋል።»

ስለ ገጽ ቁጥር ከአባቴ በላይ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። አራሚዋ አምና ተቀበለች። ልጅቷም በመጨረሻው ገጽ ሻንጣዋን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቆምና መጽሐፉ ያልቃል። ሻንጣውን ለምን እንደያዘች አልገባኝም። ለመጓዝ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

መጽሐፉን ስጨርስ ራሱ ሊወስደኝ ቃል ገብቶ ነበር። ዛሬ ሥራ በዝቷል አለ፤ ነገ ራሱን አመመው። ፊልሙ ሦስት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ወጥቼ ብቻዬን አክስቴ መስኮት ሥር ቆምኩ።

«ጨርሻለሁ» አልኳት። «እስከ ሁለት መቶ አርባ።»

አክስቴ በመስኮቷ አጎንብሳ አየችኝ። ፊቷን በዚያ በኩል ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

«ሁሉንም አነበብሽ?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲህ ግቢ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እዪና ውጪ። እኔ ምንም አልነገርኩሽም። ስሚኝ፤ በኋላ ቢጠይቁሽ አክስቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ትያለሽ።»

ፊልሙ እስከ ቁልፉ ድረስ ልክ እንደ መጽሐፉ ሄደ። ከአጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ ቀድሜ እየነገርኳቸው ነበር፤ አሁን ልትጠርግ ነው፣ አሁን ቁልፍ ታገኛለች። ልጅቷ ቁልፉን አገኘች። ከዚያ ቁጭ ብላ የአባቷን መሳቢያ ከፈተች። መሳቢያው ውስጥ ደብዳቤዎች አሉ። ሁሉም በእሷ ስም የተጻፉ፣ ሁሉም ፖስታቸው የተቀደደ፣ በእናቷ እጅ ጽሑፍ። አባቷ ደብቆባት ኖሯል። ልጅቷ አንድ በአንድ ስታነብ አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይጠርግ ጀመር።

እኔ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ይኼ የለም» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ» አለኝ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

«መጽሐፉ ውስጥ የለም። ጨምረውት ነው።»

«ጨመሩም ቀነሱም፣ ጭንቅላትሽን አንሺልኝ።»

ስወጣ አክስቴ ሥራዋን ትታ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«እህ? አየሽ?»

«አየሁ።»

«ምን ገባሽ?»

«ውሸታሞች መሆናቸው። የደብዳቤውን ነገር ከየት አመጡት? አባትየውን ሌባ አደረጉት። ደግነቱ መጽሐፉን ቀድሜ አንብቤዋለሁ።»

እጇ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ከዚያ ሄዳ መስኮቷ ላይ «ትኬት አልቋል» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀለች። ትኬት ግን አላለቀም ነበር፤ ጥቅሉ ጠረጴዛዋ ላይ ይታየኛል።

ለአባቴም ነገርኩት። ሳልደብቅ፣ እንደ ጀግና ቆሜ። ያለ ፈቃድ ማየቴን፣ አዳራሽ ውስጥ መነሣቴን፣ ሰውዬው ያለኝን።

«አንተ ልክ ነበርክ፣ አባባ። መጽሐፉን ቀድሜ ባላነብ ኖሮ አምናቸው ነበር።»

አባቴ አቀፈኝ፤ ጀርባዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ጎበዝ አንባቢ ስለሆንኩ ያለቀሰ መሰለኝ። ስለዚያ ዕለት ለብዙ ዓመት ለሰው ሳወራ «አባቴ ለመጽሐፍ የነበረው ፍቅር» እል ነበር።

በሳምንቱ እጥፎቹን ሁሉ ሰብስቦ ጠረዘልኝ። ቀይ ጨርቅ አለበሰው፤ ጀርባው ላይ «አራሚዋ» ብሎ በወርቃማ ቀለም አተመበት። ሽፋኑ እንደ በር ወፍራም ነው።

«ለምን ወፈረ?»

«እንዲበረክት ነዋ። ወረቀት በወረቀት ላይ ለጥፌ በእጄ የሠራሁት ካርቶን ነው።»

የትም ይዤው እሄድ ነበር። ሲቆይ አባቴ «ጫፉ ተልጧል» ብሎ ይወስደውና አድሶ ያመጣዋል። በየወሩ ገደማ ይላጥ ነበር፤ በታደሰ ቁጥርም ይወፍራል። ሬዲዮ «ያንቺ መጽሐፍ እንደ ሰው ይፋፋል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ከፊልሙ አራት ወር በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስንወጣ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ግራጫ ኮት ለብሳለች፤ ቀጥናለች። ልጆቹ ከኋላዬ እየገፉኝ እኔ ቆምኩ። ቀይ መጽሐፌን ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። እሷም ጎንበስ ብላ፣ እኔንም መጽሐፉንም አንድ ላይ አቀፈችን።

«ለምን አልጻፍሽልኝም?» አልኳት።

«እኔ? አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ። አልደረሰሽም?»

«አልደረሰኝም።»

ቀስ በቀስ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«ደብቆት ነው» አለች። «አባትሽ ደብቆት ነው። ስሚኝ፣ ሁለት የአውቶቡስ ትኬት ይዣለሁ። ነይ አሁን እንሂድ። በኋላ እኔ ከእሱ ጋር እነጋገራለሁ።»

ያን ጊዜ ውስጤ ቀዝቀዝ አለ። ዓመት ሙሉ ረስታኝ፣ ስትመጣ ደግሞ ሰበቧን ከሲኒማ ቤት ይዛ መጣች።

«ይኼን ፊልም እኔም አይቼዋለሁ» አልኳት።

«የምን ፊልም?»

«መጽሐፉ ውስጥ ግን የለም።»

«የምን መጽሐፍ ነው የኔ ልጅ?»

ቀዩን መጽሐፍ አሳየኋት። በእጇ ያዘችው፤ ሽፋኑን ዳሰሰችው፤ መለሰችልኝ። እኔ አልሄድም አልኩ። ለመነችኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከወንበሩ ሲነሣ አየችና ለቀቀችኝ። አንገትጌዬን አስተካክላ ሄደች። ሁለት ትኬት በያዘ እጇ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ፤ ትወናውንም ከፊልሙ የወሰደችው መሰለኝ።

ዳግመኛ አልመጣችም። ሳድግ አልፎ አልፎ ስልክ ተደዋውለናል፤ እንደምን ነሽ፣ ደኅና ነኝ፣ ያን ያህል። የዛሬ ሰባት ዓመት ስትሞት ቀብሯ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴትዮ «ዝምድናሽ በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ባለፈው ክረምት ጣራዬ አፈሰሰ። ውሃው የወረደው በመጽሐፍ መደርደሪያው በኩል ነው፤ ከሁሉ የከፋው ቀዩ ነበር። ሽፋኑ አብጦ፣ ጨርቁ ለቆ፣ ካርቶኑ ገጽ በገጽ እየተላቀቀ ነበር። ላደርቀው ጠረጴዛ ላይ ሳስተኛው ከመጀመሪያው ንብርብር ሥር የታተመ ወረቀት ወጣ። ቁጥሩ ሁለት መቶ ዘጠኝ ይላል። ከሥሩ የእጅ ጽሑፍ አለ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንፋሎት፣ ጠፍጣፋ ቢላ፣ ትዕግሥት፤ የጠራዥ ልጅ ነኝ። አሥራ ሦስት ደብዳቤ ነው። ከፊት ሽፋን ሰባት፣ ከኋላ ስድስት። አብዛኛው ቀለሙ ፈስሷል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ታትሟል። ከአንደኛው «ያረምሽልኝ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ፖስታ ቤቱ ይሆናል» የሚለውን አነበብኩ። ከሌላው «ቀይ እርሳስሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ። ለወራት ደረቴ ላይ አቅፌያቸው ስዞር፣ እሷም ትምህርት ቤቱ በር ላይ በገዛ እጇ ስትዳስሳቸው፣ አላወቅንም።

እሷ አሥራ አንድ ነው ያለችኝ። ሁለቱ የተጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። ከሁለቱ አንዱ ምንም አይነበብም። ሌላው ከሞላ ጎደል ድኗል፤

«ያልሽኝን ፊልም ፈልጌ አየሁት። መጽሐፉንም ገዝቼ አነበብኩት። የኔ አራሚ፣ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ገጽ ሁለት መቶ አሥር ላይ ነው። እባክሽ አንድ ጊዜ ብቻ አውጥተሽ እዪው።»

አባቴ ይህን ደብዳቤ የለጠፈው በገጽ ሁለት መቶ አሥር ላይ ነበር። ፊት ለፊት። ልክ ለልክ።

ለአክስቴ ደወልኩ። አርጅታለች፤ ሲኒማ ቤቱም ዛሬ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው።

«ታውቂ ነበር?»

«አስገብቼሽ አልነበር?» አለች። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አይተሽ ስትወጪ ነው እንጂ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ቀድመሽ አንብበሽው ነበራ።»

አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ያበጠውን ሽፋን፣ የተላቀቁትን ወረቀቶች፣ ሁሉንም ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ደብዳቤዎቹን አላነበበም፤ ማንበብ አላስፈለገውም። አውራ ጣቱን በካርቶኑ ጠርዝ ላይ አሳለፈ።

«ውሃ ነክቶታል» አለ።

«አዎ።»

«ይስተካከላል። ተዪልኝና ልጠርዘው።»

«አይሆንም።»

«ላቃጥለው እችል ነበር» አለ፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «የተጻፈ ነገር ማቃጠል ግን አልወድም።»

ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ወረቀቶቹን በቁጥራቸው ይደረድራቸው ጀመረ፤ እጁ አሁንም አይሳሳትም። ከሁለት መቶ ዘጠኝ እስከ ሁለት መቶ ሃያ አራት። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ማታ ገብቶ ኮቱን በሚያወልቅ ሰው ድምፅ፣ ጠየቀኝ።

«የት ደረስሽ?»

«ሁለት መቶ ስምንት» አልኩት።

«ገና ነሽ» አለኝ።

አሥራ አራተኛውን እጥፍ ከእጁ ወሰድኩት።